ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም፤ እውነት ሪህ ነው?

የጀሞዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። 31 ዓመቴ ነው። አራት ወር ሆነኝ፤ ጠዋት ስነሳ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አብጠው እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ጀበና ማንሳት አቅቶኝ ቡናውን ባሌ ነው የሚቀዳው። እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልችልም። ክሊኒክ «ሪህ ነው፣ ስጋ ተዪ» አሉኝ። ሪህ ሲኖር ደም ውስጥ የሚበዛው ዩሪክ አሲዴ ግን ኖርማል ነው። አርኤፍ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የደም ምርመራም ኔጌቲቭ ወጣ። ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን ገዝቼ ስውጥ ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። ምን ላድርግ?

የላብ ልጅ፦ እህቴ፣ እኛ አገር መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ሪህ ነው! ከስጋ ጋር የሚያያዘው ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ በአንድ መገጣጠሚያ ይጀምራል፤ በተለይ በእግር አውራ ጣት። ያንቺ ግን ሁለቱም እጅ ላይ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ይቆያል። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ፣ መሆኑ መጣራት አለበት። አርኤፍ ኔጌቲቭ መሆኑ አያስቀረውም። አንቲ ሲሲፒ፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች እንዲሁም የእጅ ራጅ ይታዘዝልሽ። ስለ ፕሬድኒሶሎኑ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ፤ እብጠቱን አጥፍቶ ምርመራውን ያሳስታል። ብዙ ሳምንት ከወሰድሽው በድንገት አታቋርጪው።

ሀዋሳ ነኝ፦ ፔኒሲሊን ካዘዙልሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። እኔን «ሩማቲክ» ብለው ሁለት ዓመት በየወሩ ወግተውኛል። ያ መርፌ የልጆችን ልብ ለሚጎዳው ሩማቲክ ፊቨር ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ ነው መሰለኝ፤ ቂጤ አለቀ።

ሰባት ዓመቴ፦ እኔ ሩማቶይድ አለብኝ፣ ሜቶትሬክሴት ነው የምወስደው። እሱን ካዘዙልሽ አንድ ነገር ልብ በይ፦ *በሳምንት አንድ ቀን ብቻ* ነው። በየቀኑ ከተዋጠ መቅኔን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። እኔ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ዓርብ» ብዬ ጽፌያለሁ። አንዴ እናቴ በደግነቷ ሰኞም ልታውጠኝ ነበር። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል፣ ጉበትና ደም በየጊዜው ይታያል። ለውጡን ለማየት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እኔማ በሦስተኛው ሳምንት ልጥለው ነበር።

አባ ቡና፦ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሞክሪ።

ሰባት ዓመቴ፦ አባ፣ ለወጥ ይሁን።

የጀሞዋ፦ ተባረኩ። ግን ልጅ ለመውለድ እያሰብን ነው።

የላብ ልጅ፦ እንግዲያው ገና ስትገቢ ይህን ተናገሪ። ሜቶትሬክሴት ጽንስ ይጎዳል፤ ከእርግዝና በፊት ወራት ቀድሞ ይቆማል። ለምታረግዝ ሴት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን የመሰለ ይመርጣሉ። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም ካላገኘሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቀጠሮሽንም ጠዋት አድርጊው፤ ከሰዓት ጣቶችሽ ከተፍታቱ ማንም አያምንሽም።