ደብረ ብርሃን ላይ በባንክ ብድር ቤት ልንገዛ ነው፣ እስከ ዓርብ ቀብድ ክፈሉ ተብለናል

የጠባሴዋ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። እኔ ነርስ ነኝ፣ እሱ መምህር። ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን፣ አንድ ልጅ አለን፣ እስካሁን ሦስት ቤት ተከራይተናል። የአሁኗ አከራያችን ባለፈው ወር መጥታ "2 ሺህ ጨምሩ፣ ካልሆነ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ጠይቀውኛል" አለችን። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሳትጠራኝ ቡና አትጠጣም። ግን ያን ቀን የጠጣሁት ቡና ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረው።

አሁን ጠባሴ በኩል አንድ ቤት ተገኘ። 150 ካሬ፣ ብሎኬት፣ ሁለት መኝታና ሳሎን፣ ከኋላ አንዲት ሰርቪስ። ጣሪያው ለብሷል፣ ውስጡ አልተለሰነም፣ ወለሉም ገና ነው። ሻጩ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ይላል። እኛ ያለን 800 ሺህ ነው። ዕቁብ አለበት፣ የሁለታችን ቁጠባ አለበት፣ አባቴ መንዝ በጎቹን ሸጦ የሰጠኝ 60 ሺህም አለበት። የቀረውን 1 ሚሊዮን ከባንክ እንበደራለን ብለን ነው። ከግብርና ከጡረታ በኋላ የሁለታችን ተደምሮ እጃችን የሚገባው 27 ሺህ ነው።

ደላላው በየቀኑ ይደውላል። "ሌላ ሰው አይቶታል፣ እስከ ዓርብ 100 ሺህ ቀብድ ካልያዝሽ ያመልጥሻል" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከመምህራን ጋር በማህበር ተደራጅተን ቦታ እንጠብቅ ባይ ነው። እኔ በማህበር ስም አምስት ዓመት ስብሰባ ብቻ የሚመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ባንክ ያበድረናል? ስንትስ ይደርስብናል? ካርታውን እስካሁን ያየሁት ስልክ ላይ በፎቶ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ብድር ክፍል የከረመ፦
እህቴ፣ ባንክ ብድር ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለቤቱ ሌሎቹ ይንገሩሽ፣ እኔ ሒሳቡን ልሥራልሽ። ወለድ ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ለምሳሌ ያህል 17 በመቶ እንበል። 1 ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት ስትከፍዪ በወር ወደ 15,390 ብር ይመጣል። ከ27 ሺህ ላይ ይሄ ከግማሽ በላይ ነው። እኔ በነበርኩበት ቦታ ከገቢው ሲሶ ካለፈ ፋይሉን ወደ ላይ አንልከውም ነበር።

"እንግዲያው ዓመቱን ወደ 20 እናርዝመው" ትዪኛለሽ፣ ሁሉም እንደዚያ ይላል። 20 ዓመት ሲሆን ወርሃዊው 14,668 ይሆናል። አየሽ? በወር የቀነሰልሽ 722 ብር ነው። ለዚያች 722 ብር ብለሽ አምስት ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ጠቅላላ የምትከፍዪው ከ2 ሚሊዮን 770 ሺህ ወደ 3 ሚሊዮን 520 ሺህ ይወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ወር 15,390 ውስጥ 14,167ቱ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚነካው 1,223 ብር ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሳያጓድል የከፈለ ሰው 554 ሺህ አውጥቶ ዕዳው የቀነሰለት 57 ሺህ ገደማ ነው። ይህን ስነግራቸው ወንበሩ ላይ ዝም ብለው የሚቀሩ ደንበኞች ነበሩኝ፣ አንድ ሰውዬማ "ኮምፒውተሩን እስቲ አጥፍተህ አብራው" ብሎኛል።

በተቃራኒው ከሄድሽ፣ በወር 9 ሺህ እንችላለን ካላችሁ በ15 ዓመት የምታገኙት ብድር 585 ሺህ አካባቢ ነው። ፍለጋችሁን ከዚህ ቁጥር ጀምሩ እንጂ ደላላው ከጠራላችሁ ዋጋ አትጀምሩ።

ሌላ ሁለት ነገር። ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ አይደለም፣ የራሱ ኢንጂነር በገመተው ላይ ነው፣ ከግምቱም የተወሰነውን እጅ ብቻ ነው። ግምቱ ከገበያው ሲያንስ እንጂ ሲበልጥ አላየሁም፣ ልስን የሌለው ቤት ደግሞ ይብስበታል። ሁለተኛ፣ ብድር ተፈቀደ ማለት ገንዘቡ ወጣ ማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲጥል (ኋላ ከፍ ተደርጓል) ፋይላቸው ተፈቅዶ ወራት የጠበቁ ነበሩ። ስለዚህ ለሻጭ "በዚህ ቀን እከፍላለሁ" ብለሽ ቀን ቆርጠሽ እንዳትፈርሚ።

ለቤት ብድር ብዬ ነው የተቋቋምኩት የሚል ጎህ ቤቶች ባንክም ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ከወለድ ነጻ ከፈለጋችሁ ዘምዘምና ሂጅራ አሉ። ሁሉንም ጠይቂ፣ መጠየቅ አይከፈልበትም። ግን ክፍያ ከተቋረጠ በአዋጅ 97/1990 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል እወቂ። ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም፣ ውሉ ላይ ግን በደቃቅ ጽሑፍ ነው የሚጻፈው።

ሻይ ቤት የፈረመው፦
ካርታ በፎቶ አይቶ ቀብድ መክፈል በፎቶ አይቶ እንደማግባት ነው።

እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ የሆንኩትን ልንገርሽ። ውሉን የጻፍነው ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ፣ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። 80 ሺህ ቀብድ ሰጠሁ፣ ሁለት ምስክር ፈረመ፣ ደላላው ኮሚሽኑን ወሰደ፣ ተሳስመን ተለያየን። በሳምንቱ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ሥራ ቦታዬ መጣች። "ወንድሜ፣ የገዛኸው ቤት የኔም ነው፣ እኔ አልፈረምኩም" አለችኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ እሱ ነው የባሰኝ። ለካ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ክርክር ላይ ነበር።

በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት አንደኛው ያለ ሌላኛው ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ያለው አካል ፊት ካልሆነ ፍርድ ቤት ስትቆሚ ያዳልጥሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1723 ላይ አለ፣ እኔ ቁጥሩን የተማርኩት በ80 ሺህ ብር ነው። ስለ ቀብድም ሕጉ ግልጽ ነው። ከፋይ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባይ ካፈረሰ ግን እጥፍ ይመልሳል። እኔ እጥፉን ትቼ የራሴን ለማግኘት ስንት ጊዜ ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ በአራት ጊዜ ከፋፍሎ ነው የመለሰልኝ።

ከሻጩ ጋር አብራችሁ ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ሂዱ። በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ጠይቁ። አልሄድም ካለ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

አላፊ አግዳሚ፦
ደላላ "ዓርብ ያመልጥሻል" ያለው ቤት ለፋሲካም አለ።

ግንበኛው፦
ስለወረቀቱ ተብሏል። እኔ ስለግድግዳው። አለመለሰኑን እንደ ጉድለት አትዪው፣ ለገዢ ጥሩ ነው። ልስንና ቀለም ስንት ጉድ እንደሚሸፍን እኛ እናውቃለን። ሄደሽ የበርና የመስኮቱን ማዕዘን እዪ። ከማዕዘኑ ተነስቶ ሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። የኛ አገር አፈር ብዙ ቦታ መረሬ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። መሠረቱ ስንት ሜትር ወርዷል፣ መረሬው ወጥቶ በድንጋይ ተሞልቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሻጩ ካላወቀ የሠራውን ግንበኛ ስልክ ተቀበዪ።

ጠዋት ሂጂ። ከሰዓት ፀሐይ ስትመታው ሁሉም ቤት ይሞቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው የሚፈትንሽ፣ ውርጭ ሲጥል ከመሬት በላይ የተዘረጋ ቧንቧ ጠዋት ውሃ አይሰጥም። ቧንቧው ተቀብሯል ወይ? ኮርኒስ ስታሠሪስ ስንት ትጨርሺ ይሆን? የማስጨረሻውን ወጪ ሳትደምሪ በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ገዛሁ አትበይ፣ ልስን፣ ወለል፣ በር፣ መስኮት፣ ኤሌክትሪክ ሁሉም ገንዘብ ነው።

ስድስት ዓመት የተሰበሰበ፦
እህቴ፣ አምስት ዓመት ስብሰባ የሚመላለሱ ብለሽ የገለጽሻቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፣ እንዲያውም ስድስት ነው። መምህር ነኝ። ገንዘባችንን በዝግ ሂሳብ አስገብተን ጠበቅን። የተጣላ አለ፣ የወጣ አለ፣ ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ ቀይረናል። መጨረሻ ላይ ቦታው ተሰጠ። መጀመሪያ ሁለት ክፍል በቆርቆሮ በር ሠርተን ገባን፣ ሚስቴ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው እንጀራ የጋገረችው። ዛሬ አራት ክፍል ሆኗል፣ ለባንክ የምከፍለው የለም። ባልሽ የሚለው ከንቱ አይደለም ለማለት ነው። ግን ጊዜው እውነት ነው፣ ልጅ ይዞ እየተከራዩ ስድስት ዓመት መጠበቅ ለሁሉም አይሆንም፣ እኔም ዛሬ ቢሆን እደግመዋለሁ ብዬ አልምልልሽም።

አንድ የረሱት ነገር አለ። ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የሚያዝ)? በአዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው የሚይዘው በሊዝ ነው። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ያልከፈለው ቀሪ የሊዝ ክፍያ አለ ወይ? ስም ስታዞሪ የቴምብር ቀረጥም አለ፣ 2 በመቶ። ብዙ ሰው ቤቱን ብቻ ደምሮ ይሄንን ይረሳል፣ ከዚያ ዘመድ ማስቸገር ነው።

የጠባሴዋ ነርስ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓርብ አልፏል፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቀብዱን አልከፈልኩም። ደላላውን ትቼ ስልኩን ከጎረቤት ፈልጌ ለሻጩ ራሱ ደወልኩ፣ "ጋሼ፣ አብረን መሬት አስተዳደር እንሂድ" አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ "እሺ ልጄ፣ ሰኞ" አሉኝ። ሄድን። ካርታው በሟች አባታቸው ስም ነው። ወራሾቹ እሳቸውና ሁለት እህቶቻቸው ናቸው፣ አንዷ አጣዬ ነው ያሉት፣ ገና አልተስማሙም። ሰውዬው ሊያታልሉኝ የፈለጉ አይመስለኝም፣ እዚያው ሰልፉ ላይ ቆመን "ደላላው ይሄን አልነገረሽም እንዴ?" ብለው እሳቸው ደነገጡ። ፎቶው ላይ ስሙን ማየት እችል ነበር፣ አሳንሶ ነው የላከልኝ፣ እኔም አላሰፋሁትም፣ ጥፋቱ የኔም ነው።

ማታ ባለቤቴ የብድር ክፍሉን ወንድማችንን ሒሳብ በልጃችን ደብተር ጀርባ ላይ እንደገና ሠራው። 722 ብሯ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። 585 ሺህ ላይ ያለን ተጨምሮ ወደ 1 ሚሊዮን 385 ሺህ ነው፣ የማስጨረሻና የስም ማዞሪያ ሲወጣለት ከዚህ ያነሰ ቤት ነው የምንፈልገው። ጫጫ በኩል ያለውንም እንይ ብሏል፣ እኔ የማታ ተራ ሲኖረኝ ትራንስፖርቱን እያሰብኩ ነው። የመምህራን ማህበሩ ላይም ስሙን አስመዝግቧል፣ አልተከራከርኩትም።

ከአከራያችን ጋር በ1,500 ጭማሪ ተስማማን። አባቴ ደውሎ "ቤቱስ?" አለኝ፣ ገና ነው አልኩት። "በጎቹ እንኳን ወልደው ነበር በዚህ ጊዜ" ብሎ ሳቀ።

ጋሼ ከእህቶቻቸው ተስማምተው ካርታውን በስማቸው ካዞሩ መጀመሪያ ለእኛ ሊነግሩን ቃል ገብተዋል። በቃል ነው፣ አውቃለሁ። ቀብድ ግን አልያዝኩም። ግንበኛው፣ ያለህበትን አሳውቀኝ፣ ያን የመስኮት ማዕዘን አብረኸኝ ብታየው ደስ ይለኛል፣ አንድ ስንጥቅ አይቻለሁ፣ ሰያፍ ይሁን አይሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ግንበኛው፦
ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ቁርስ ግን የቤቱ ባለቤት ሳትሆኚም መጋበዝ ትችያለሽ።