ሐዋሳ፦ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሊያልቅብን ነው፣ ኢንሹራንሱ በወር 1 ፓኬት ብቻ ይላል

የታቦሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ስትሪፕ 7 ፍሬ ብቻ ቀርቶናል። ኢንሹራንሱ በወር ከ1 ፓኬት በላይ አልከፍልም ብሎ የ2ኛውን ደረሰኝ መለሰብን። ትናንት ሌሊት ስኳሩ ወደ 54 ወርዶበት ነበር፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መለካት አለብን። ሐዋሳ ውስጥ በኢንሹራንስ ብዙ ስትሪፕ የሚሰጥ ፋርማሲ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ እባካችሁ።

አላሙራ፦
የትኛው ኢንሹራንስ? የቀበሌው ነው የመሥሪያ ቤት? ማሽኑስ ምንድን ነው? ይሄ ሳይታወቅ ምን ይባላል።

ጋሽ መምህር፦
እህቴ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከሆነ ዝም ብሎ ሆስፒታል አይኬድም። መጀመሪያ ካርዱ ለዘንድሮ መታደሱን እዩ። ከዚያ ከጤና ጣቢያ ትጀምራላችሁ፣ ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፋል፣ በሪፈሩ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። የታዘዘው ከሌለ ማዘዣው ላይ የለም አስብላችሁ ማኅተም አስመቱና መድህኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት ካለ እዚያ ውሰዱት። ጤና ጣቢያ ሄዶ መለካትና ቤት የሚወሰድ ስትሪፕ ግን አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው መሸፈኑን ከመድህኑ ቢሮ ሳትጠይቁ አትግዙ። ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ይህ መድህን የእናንተ አይደለም። ለደመወዝተኛ የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው፣ እሱም ሥራ ላይ ይዋላል እየተባለ ስንት ዘመን ሲገፋ ኖረ። በተረፈ የእግር ጉዞ ቸል አይባል፤ ሐይቅ ዳር ተይዞ በየማታው ወዲያ ወዲህ ማለት...

ባጃጅ ሾፌሩ፦
ጋሼ፣ እሷ ስትሪፕ ጠየቀች እርስዎ አዋጅ ሰጧት። ሰውየው ስኳሩ 54 ገብቶ ሐይቅ ዳር ቢሄድ ከዓሣዎቹ ጋር ነው የሚያድረው።

የታቦሯ፦
የመሥሪያ ቤቴ ነው፣ የግል ድርጅት ነው የምሠራው። እሱ በእኔ ነው የገባው። ማሽኑ አኩቼክ አክቲቭ። ከፋርማሲ ገዝተን በደረሰኝ ነው የሚመልሱልን። ስትሪፑን ብቻ ነው የፈለግሁት።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ፋርማሲ ብትቀያይሪ ለውጥ የለውም፣ ችግሩ ማዘዣው ላይ ነው። ልገምት፦ «ስትሪፕ፣ 1 ፓኬት» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ በቀን ስንቴ እንደሚለካ የለም፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ የለም። ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) የሚያየው ሰው ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ የሚያነጻጽረው ማዘዣውን ከደረሰኙ ጋር ነው። 1 ተጽፎ 2 ከገዛሽ ሁለተኛውን ይጥለዋል።

ስለዚህ ማዘዣውን እንደገና አስጽፊ። ስሙ ኢንሹራንሱ መታወቂያ ላይ ባለው ፊደል እስከ አያት ይጻፍ። በሽታው «ስኳር» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፣ ዓይነቱና ኢንሱሊን የሚወጋ መሆኑ ይጠቀስ። «በቀን 4 ጊዜ፣ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት እንዲሁም ሲተኛ» ይባል። ብዛቱ በፍሬ፣ ጊዜውም በወር ይቀመጥ። የስትሪፑ ስም ካርቶኑ ላይ እንዳለው ይሁን፣ ምክንያቱም ሌላ ስትሪፕ ማሽናችሁ ውስጥ አይሠራም። ላንሴት (የጣት መውጊያው) ለብቻው መስመር ይያዝ። ማኅተም የሌለው ማዘዣ ወረቀት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 4 በ30 ቀን 120 ፍሬ ነው። ባለ 50 ከሆነ 2 ፓኬት አይበቃም፣ 3 ትርፍ አለው። የ2 ወር ብታስጽፊ 240 ነው፣ 5 ፓኬት 250፣ ትርፉ 10 ብቻ። ደም አንሶት ወይም ማሽኑ ኢረር ብሎ የሚበላሸው ከዚያ ትርፍ ላይ ነው የሚሄደው። የ3 ወር 360 ነው፣ 8 ፓኬት ማለት ነው፤ ይሄ ይሻላል፣ ግን ስትገዢ የሁሉንም ፓኬት ኤክስፓየር (የሚያልፍበትን ቀን) እይ። አንዳንዱ ስትሪፕ ብልቃጡ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ አይሠራም፣ አንዳንዱ እስከ ታተመው ቀን ይሄዳል፤ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ሁሉንም በአንዴ አትክፈቺ፣ ክዳኑንም ወዲያው ግጠሚ፣ እርጥበት ይገድለዋል።

ቆንጆ ነገር ፈላጊ፦
ስትሪፑን በመቀስ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብትጠቀሙ 50ው 100 ይሆናል። ድሮ እንደዚያ ይደረግ ነበር።

ፋርማሲስት ነኝ፦
በፍጹም። ድሮ የሚሰነጠቀው በዓይን ቀለሙ እየታየ የሚነበበው ነው። በማሽን የሚነበበው ከተቆረጠ ወይ አይነበብም ወይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል፣ በዚያ የውሸት ቁጥር ላይ ኢንሱሊን ይወጋበታል።

ኤችአር፦
ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው መሥሪያ ቤትሽ ነው፣ አንቺ ተጠቃሚ ነሽ። ኢንሹራንሱ ጋር ሄደሽ ብትጨቃጨቂ «ውሉ ነው» ብለው ይመልሱሻል። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ሄደሽ የውሉን ኮፒ ጠይቂ፣ ሦስት ቦታ አንብቢ፦ የተመላላሽ ሕክምና ዓመታዊ ጣሪያው ስንት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ስንት ተጠቅማችኋል፣ የማይሸፈኑ ተብለው የተዘረዘሩት ውስጥ «የሕክምና መሣሪያ» የሚል አለ ወይ። ብዙ ጊዜ ስትሪፕ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ መሣሪያ ብለው ይመድቡታል። ማሽኑ መሣሪያ ነው፣ ልክ። ስትሪፕ ግን በየቀኑ የሚያልቅ የምርመራ ዕቃ ነው፤ ክርክራችሁ በዚያ ይሁን።

«በወር 1 ፓኬት» የሚለውንም በቃል አትቀበዪ። የትኛው አንቀጽ እንደሚል በጽሑፍ ይስጡሽ። አንቀጽ ከሌለ የሠራተኛው ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ በሐኪም ደብዳቤ ይሰበራል።

ደረሰኝ ላይ፦ የካሽ ሬጂስተሩ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይደበዝዛል፣ በገዛሽበት ቀን ኮፒ አድርጊው፣ ዋናውን ከማዘዣው ጋር አያይዢ። ደረሰኙ ላይ «መድኃኒት» ብቻ ከተባለ ይጣላል፣ የዕቃው ስምና ብዛት ያለበት አታችመንት (ከደረሰኙ ጋር የሚያያዝ ዝርዝር) ጠይቂ። ክሌም የሚገባበት የመጨረሻ ቀን አለ፣ እሱም ውሉ ላይ ነው። ደረሰኝ አጠራቅሞ በዓመት መጨረሻ የሚያመጣ ሰው ሁሌ አለ፣ ሁሌም ይናደዳል።

ሲስተር፦
ሁላችሁም ስለ ወረቀት ታወራላችሁ። ሌሊት 54 ስትሪፕ በማብዛት አይድንም። የማታውን ኢንሱሊን ስንት ሰዓት ነው የሚወጋው? ኤንፒኤች፣ ያ ደፍረስ ያለው ከሆነና ምሽት 12 ሰዓት ከእራት በፊት የሚወጋ ከሆነ፣ ኃይሉ የሚጠነክረው ሌሊት ሁሉም ሰው በተኛበት ነው። አንዳንዴ ሐኪሙ የማታውን ወደ መኝታ ሰዓት ይገፋዋል ወይም መጠኑን ይቀንሰዋል። በራሳችሁ አትቀይሩ፣ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ጠይቁ። የኢንሱሊኑ ሰዓት ከተስተካከለ 4 ጊዜ መለካትም ላያስፈልገው ይችላል።

የታቦሯ፦
ሲስተር ስትሪፑ ነው ያለቀብኝ እኮ። ኢንሱሊኑን ሐኪሙ ነው ያዘዘው።

ሲስተር፦
ገባኝ። ግን አንድ ጉዞ ነው፣ ማዘዣ ልታስጽፉ ስትሄዱ ማሽኑን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ያስቀምጣል፣ 54ቱ እዚያ አለ። የማሽኑ ሰዓት ልክ መሆኑን መጀመሪያ እዩ። ብዙ ሰው በእኛ ሰዓት ሞልቶት የሌሊቱን 8 ሰዓት እንደ ጠዋት ያስነብበዋል፣ ሐኪሙም ከቁርስ በኋላ የወረደ ይመስለዋል። ሌሊት የወረደ ስኳር ተመዝግቦ ከታየ ደብዳቤውን ለመጻፍ ሐኪሙ አያመነታም።

እስከዚያ በ7ቱ ፍሬ፦ ጠዋትና ማታ ከመወጋቱ በፊት ብቻ ለኩ፣ ከምግብ በኋላ ያለውን ተዉት። ለሌሊት 2 ይቀመጥ። ስትሪፕ ባይኖርና ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢነጫነጭ፣ ወርዷል ብላችሁ ያዙት፦ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጠው፣ በባጃጅም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ስትሪፕ አልቋል ተብሎ ኢንሱሊን አይቋረጥም። ጤና ጣቢያም ሄዶ መለካት ይቻላል።

ባጃጅ ሾፌሩ፦
በባጃጅ ስትሉ ደስ አለኝ። ለ54 ቅናሽ አለን።

ከዲሲ፦
የምልከው አለኝ፣ እዚህ በኢንሹራንስ በሽ ነው። ማሽኑንም ጨምሬ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ግን የዚያ ማሽን ስትሪፕ እዚህ ገበያ ላይ ከሌለ ያለቀ ዕለት ማሽኑ ጌጥ ነው። ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የሚመጣ ማሽን ደግሞ በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል ነው የሚያነበው፣ 5.5 ሲል ወረደ ብላችሁ ስኳር እንዳትሰጡት። በ18 አባዙት፣ 99 ነው፣ ደህና ነው።

የአቶቴ ልጅ፦
ሐኪሙ በቀን 4 ጊዜ ብሎ ይጻፍላችሁ፣ ያኔ ይከፍላሉ።

አላሙራ፦
ከላይ ተብሏል።

የአቶቴ ልጅ፦
አላየሁም። ግን ትክክል ነው።

ክኒን ብቻ፦
እኔ ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው፣ ይሄ 4 ጊዜ ለእኔም ይጻፍልኛል? ኢንሹራንሴ ያው ነው።

ፋርማሲስት ነኝ፦
አይመስለኝም፣ ቢጻፍም ብዙ አይጠቅምህም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርህን ከልክ በታች አያወርድብህም፣ በየቀኑ ጣትህን የምትወጋበት ምክንያት የለም። በየ3 ወሩ ኤችቢኤዋንሲ (የወራቱን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ) አስለካ፤ ኢንሹራንሱ ከላቦራቶሪ ጋር የሚሸፍነው ከሆነ ስትሪፕ ላይ የምትከራከርበትን ጉልበት እዚያ ላይ አውለው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ከተጨመረልህ ግን ተመለስ፣ እሱ ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።

ሲስተር፦
የታቦሯ፣ የማታው ኢንሱሊን ስንት ሰዓት ነው?