የመወልወያ ዘንግ አፈሙዝ ውስጥ ተቀረቀረብኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የቆጪው ልጅ፦ የአያታችን ውጅግራ ነው፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰው። ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ትንሿ ጣቴ እንኳ አትገባም። አጎቴ ትናንት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሳይወለውል ሰቀለው። ዛሬ ደረቅ ጨርቅ ዘንጉ ላይ ጠቅልዬ ሰደድኩት፣ መሃል ላይ ቀጥ! የሞተር ዘይት ባፈስበት ባሰበት። አጎቴ ማታ ከአጋሮ ይመለሳል።

ሄርማታ ጋራዥ፦ ናፍጣ ጨምርበት፣ ያላቅቀዋል።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ በአፈሙዝ ከጎረሰ ውጅግራ አይደለም። ውጅግራ በፈረንጅ 1874 የወጣው፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱን ከኋላ የሚጎርስ። የዛሬ ልጆች አሮጌ ጠመንጃ ባያችሁ ቁጥር...

የቆጪው ልጅ፦ ጋሼ፣ ስሙን ኋላ ይንገሩኝ፣ ዘንጉን!

አዌቱ ማዶ፦ የአጎትህ መኪና ጎማ እንዲተነፍስ ስለት ግባ ሃሃሃ

ሰምና ማር፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ አጎትህ ጋ ደውል፤ አራተኛ አጉርሶ ትቶት እንደሆነ ጠይቀው። ዘንጉ እስኪወጣ አፈሙዙ ፊት ማንም አይቁም፣ አንተም ጭምር። በመዶሻ አትንካው። ናፍጣውንም ተው። ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላይ የሚሆነው አየር ሆኖ አይጠፋም፣ አብዛኛው ጨው ሆኖ ይቀራል። ጨው በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ የሞተር ዘይት ሲነካው ሬንጅ ነው የሚሆነው። አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመህ ለብ ያለ ውሃ ከላርጎ ጋር ሙላበት፣ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ከዚያ ወደ ጎን ቆመህ እያዞርክ ሳብ። ሲወጣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀህ፣ እስኪደርቅ ወልውለህ ዘይት ቀባው፤ በጅማ እርጥበት ያ ጨው ሌሊቱን ያዝገዋል። ጠባብ አፈሙዝ ደግሞ ቶሎ ይደፈናል። አንድ በተተኮሰ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ ማሳለፍ ነው፣ ጥይቱ የሚጠቀለልበትም ጨርቅ ሞራና ሰም ይቀባ።

ሽማግሌው፦ እኛማ ጨርቁን በምራቃችን ነበር የምናርሰው።

ሄርማታ ጋራዥ፦ እኔ ናፍጣ ነው የምለው።

የቆጪው ልጅ፦ ደወልኩ፣ ባዶ ነው አለ። ለምን ጠየቅክ ሲለኝ ዘጋሁበት። ውሃው በእሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ጥቁር ሆኖ እየተንጠባጠበ ነው፣ የገማ እንቁላል ይሸታል! ዘንጉ ነቅነቅ ብሏል። ቆይ፣ በር ተንኳኳ

አዌቱ ማዶ፦ ወጣ?

አዌቱ ማዶ፦ አንተ ልጅ?

ሄርማታ ጋራዥ፦ ናፍጣውን ሞከርከው?