ጥቆማ፦ ጋኔን ሰው ላይ የሚሰፍርበትን ሕግ ከየትኛው ጨዋታ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ነው፤ አራት ተጫዋቾች፣ የሁሉም ገጸ ባሕርይ ደረጃ 3። ጋኔን አንዱን እንዲይዘው እፈልጋለሁ። ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ይሻላል ወይስ ፓዝፋይንደር 1? በነፃስ ይገኛሉ?

መልስ፦ ሁለቱም በነፃ ይነበባሉ። የ5ኛው እትም 5.1 የሕግ ሰነድ ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ የፓዝፋይንደሩ ሕግ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ ድረ ገጽ ላይ አለ። የባንክ ካርድ አያስፈልግም።

ለአያያዙ 5ኛውን እትም ውሰድ። በነፃው ሰነድ ካሉት አጋንንት ሰው ላይ የሚሰፍር የለም፤ ችሎታው ያለው የሙት መንፈስ የሚባለው ጭራቅ ጋ ስለሆነ ከእሱ ገልብጠህ ለጋኔንህ ስጠው። በ5 ጫማ ውስጥ የሚያየውን አንድ ሰው ይመርጣል። ሰውየው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የካሪዝማ (የስብእና ኃይል) ጭማሪውን ሲደምር 13 ካልሞላ ተያዘ። ጭማሪው 0 ከሆነ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 60 ነው። የገላው ባለቤት ሁሉን ያያል፣ ይሰማል፤ ጣቱን ግን አያዝም። ብዙ ዲኤም (የጨዋታው መሪ) የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ጋኔኑ የሰውየውን ጉልበትና ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) እንጂ እውቀቱንም የክላስ (የሙያ) ችሎታውንም አያገኝም። የተያዘ ዊዛርድ (አስማተኛ) ድግምት አይጥልም፤ የጓደኞቹን ስም እንኳ አያውቅም። ቡድኑ የሚነቃውም በዚያ ነው።

ሌላ መልስ፦ አያያዙ ልክ ነው፣ ችግሩ አወጣጡ ላይ ነው። የሙት መንፈስን ክሌሪክ (የካህን ክላስ) ሲገሥጸው ይወጣል፤ ተግሣጹ ግን ጋኔንን አይነካም። የሚያስወጣው ዲስፔል ኢቭል ኤንድ ጉድ 5ኛ ደረጃ ድግምት ነው፣ ክሌሪክ ደረጃ 9 ሳይደርስ አያገኘውም። ፕሮቴክሽን ፍሮም ኢቭል ኤንድ ጉድ የሚባለው ድግምት ቀድሞ ከተደረገ ይጠብቃል፤ ከተያዘ በኋላ የሚያግዘው አዲስ የዳይስ ሙከራ ካለ ብቻ ነው፣ ይህ ሕግ ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ አይሰጥም። ስለዚህ ለደረጃ 3 ቡድን በአብዛኛው የሚቀረው ጓደኛን ደብድቦ ኤችፒውን 0 ማድረስ ነው። በቅርብ መሣሪያ የመታው ሳይገድል ሊያስተኛው ይችላል፤ በቀስት ግን አይሆንም። ጋኔኑም ወጥቶ እዚያው አጠገብ ይቆማል፤ ያ ሰው ለ24 ሰዓት አይያዝም፣ ሌሎቹ ግን ክፍት ናቸው።

አወጣጡን ከፓዝፋይንደር 1 ውሰድ። እዚያ ፕሮቴክሽን ፍሮም ኢቭል 1ኛ ደረጃ ሆኖ ሳለ ለተያዘው ወዲያው አዲስ ሙከራ ይሰጠዋል፣ 2 ተጨምሮለት። ከተሳካለት ጋኔኑ አይወጣም፣ ይታገዳል፤ ለእያንዳንዱ የደጋሚው ደረጃ 1 ደቂቃ። ደረጃ 3 ማለት 3 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ዙር፤ ጋኔኑ ምን እንደሚፈልግ ለመጠየቅና እጁን ለማሰር ይበቃል።

የተያዘው ተጫዋች እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። አስቀድመህ ፈቃዱን ጠይቀውና ጋኔኑን ራሱ ይጫወተው። ጋኔኑ የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች በቁራጭ ወረቀት ጻፍለት፤ የያዘውን ሰው መግደል ከሦስቱ አንዱ አይሁን።