ትልቅ ሸርጣን ሁሌ ብዙ እንቁላል ትይዛለች? የግራፌ ነጥቦች ተበታተኑብኝ

ሕሊና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በባሕር ሸርጣኖች ላይ ነው። እንቁላል የታቀፉትን ሴቶች የቅርፊት ስፋት በካሊፐር እለካለሁ፣ ከዚያ የእንቁላላቸውን ብዛት እገምታለሁ። በጥቅሉ ትልልቆቹ የበለጠ ይይዛሉ። ነገር ግን ስፋታቸው እኩል ሆኖ የአንዷ እንቁላል የሌላዋን ግማሽ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአንዳንዶቹ እንቁላል ብርቱካናማ ነው፣ የሌሎቹ ጠቆር ያለ። ዝርያቸው ግን አንድ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ።

ብሩክ፦
ሕሊና፣ መጀመሪያ ቀለሙን እዪ። አዲስ የተጣለ እንቁላል ብርቱካናማ የሚመስለው አስኳሉ ስለሚታይ ነው። ፅንሱ አስኳሉን እየጨረሰ ሲያድግ ዓይኖቹ ይጠቁራሉ። ያኔ ጠቅላላው እንቁላል ቡናማ፣ ቀጥሎም ጥቁር ይሆናል። በዚህ መሃል ከእናትየው ሆድ ሥር ብዙ ይረግፋል። የሚሞት አለ፣ ጥገኛ ትሎች የሚበሉትም አለ። የቀረው ደግሞ ውኃ እየሳበ ስለሚያብጥ ክምሩ ሲያዩት የጎደለ አይመስልም። ስለዚህ ለስሌቱ ብርቱካናማዎቹን ብቻ ውሰጂ። ጥቁሮቹን ግን እንዳትጥያቸው። ምን ያህል እንደሚረግፍ የሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው።

መምህር ደረጀ፦
ብሩክ እንዳለው ነው። እኔ ስለ መጠኑ ልጨምር። እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት የሚያድገው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ቅርፊቱ ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ ወሳኙ የውስጥ ቦታ ነው። በብዙ ዝርያዎች የአንድ ዙር እንቁላል ከእናትየው ክብደት 10 በመቶ አካባቢ ላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው። በኦይስተር (ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳ) ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን የአተር ሸርጣኖች ግን ቅርፊታቸው ለስላሳ ነው፣ ኦቫሪያቸውም (እንቁላል የሚሠራው የአካል ክፍል) እስከ ሆዳቸው ክፍል ይዘልቃል። የእነሱ እንቁላል ከገላቸው ክብደት ከግማሽ በላይ ይሆናል። በጣም የምወደው ማስረጃ ይሄ ነው፤ ቦታ ሲገኝ እንቁላሉም ይጨምራል።

ልብ በይ፣ ስፋቷ ከ10 ወደ 12 ሴንቲሜትር ሲያድግ ጭማሪው 20 በመቶ ነው። ቅርጿ ካልተለወጠ የውስጥ ቦታዋ ግን 73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀጥ ያለ መስመር እምቢ የሚልሽ ለዚህ ነው። የስፋቱንና የእንቁላሉን ብዛት ሎጋሪዝም ወስደሽ ሪግሬሽን ሥሪ፣ ማለትም ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርበውን መስመር ፈልጊ። በስፋት ከሆነ የመስመሩ ቁልቁለት 3 አካባቢ፣ በክብደት ከሆነ 1 አካባቢ ይጠበቃል። በጣም ከራቀ ናሙናሽን መልሰሽ ፈትሺ።

ሰብለ፦
አቆጣጠሩም ያበታትናል። ሰማያዊ ሸርጣን የምትባለው ዝርያ በአንድ ዙር 2 ሚሊዮን ገደማ ትይዛለች፤ ይህን አንድ በአንድ የሚቆጥር የለም። እንቁላሉ የተጣበቀባቸውን ትናንሽ የሆድ እግሮች ቁረጪ፣ እንቁላሉን ለዪ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ60 ዲግሪ አድርቂ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ንዑስ ናሙና በማይክሮስኮፕ ቆጥረሽ መዝኚ። 1,000 እንቁላል 3 ሚሊግራም ቢመዝንና ጠቅላላው 6 ግራም ቢሆን፣ 2 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። እንቁላሉን የያዙት ፀጉሮች አብረው ከተመዘኑ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያድጋል፣ በደንብ አጽጂ። እያንዳንዷንም በየራሷ ከረጢት ያዢ፤ መንገድ ላይ የረገፈው ያኔ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሕሊና፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ብርቱካናማዎቹን ብቻ ለይቼም ልዩነት ከቀረ ምን ይሉኛል?

መምህር ደረጀ፦
ትንሽማ ይቀራል። በስንተኛው ዙር ላይ እንዳለች ከውጭ አይታይም። ሰማያዊዋን ሸርጣን ብንወስድ ከወንድ ጋር የምትገናኘው አንዴ ነው፤ ያጠራቀመችውን የወንድ ዘር እየተጠቀመች ብዙ ዙር ትጥላለች። የተያዘችበትን ወር መዝግበሽ ከሆነ ግራፉን በየወሩ ከፍለሽ እዪው።