ክራሬ እሑድ እሑድ ከጊታሩ ጋር አልስማማ አለ

የአጎቴ ክራር፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምሠራ የ51 ዓመት ሴት ነኝ። ክራር መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሙያዬ አይደለም፣ ገንዘብም አላገኘሁበትም፤ እንዲያውም አውጥቼበታለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ነበር። በዛጎል ያጌጠ፣ ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች፣ ምሰሶዎቹ፣ ጠጉር የለበሱ ክራር ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። ሲነካ ግን ድምፁ የካርቶን ነው፤ መቃኛው ደግሞ ገና እጄን ሳነሣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይኸው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቦታውን አግኝቷል።

አሁን የምጫወተው በአጎቴ ክራር ነው። አጎቴ ካረፈ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተኝቶ ነበር። በቆዳ የተለበጠው ገበቴው ጠቁሯል። ክሮቹ ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው በትንንሽ እንጨት የሚጠብቁበት የድሮ ዓይነት ነው። አጎቴ ይይዝበት የነበረው የግራው ምሰሶ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ የእኔ አውራ ጣት እዚያ አይደርስም። እናቴ ስታየኝ «መቼም ከያዝሽ አይቀር በገና ብትይዢ ምናለ፣ ቢያንስ ለነፍስሽ ይሆንሽ ነበር» ትለኛለች። ጎረቤቶቼም ሴት ክራር ስትይዝ ይገርማቸዋል። አስናቀች ወርቁ በብሔራዊ ቴአትር ስትተውንና ክራሯን ስትጫወት የኖረች ሴት መሆኗን ስነግራቸው «እሷማ አስናቀች ናት» ይሉኛል። መልስ የለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ አራት ሆነን እንገናኛለን። ቦታው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለው የጋራ መገልገያ ቤት ነው፤ ግማሹን ለእኛ ፈቅደውልናል። ጊታሪስታችን የፒያሳው የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ያም ሆኖ ጊታሩን አዝሎ በሦስት ታክሲ ይመጣል፣ ከእኛም ቀድሞ ይደርሳል። ከበሮ የሚመቱልን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አራተኛዋ የእኅቴ ልጅ ናት፤ ትዘፍናለች፣ ስታፍር ደግሞ ታጨበጭባለች።

በስልክ መቃኛ እያየን ክራሩንና ጊታሩን በትዝታ ቅኝት ጥርት አድርገን እንቃኛቸዋለን። የመጀመሪያው ዘፈን ሸጋ ነው። ሁለተኛው ላይ ክራሩ ወረድ ማለት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቅኝቱ ግማሽ ድምፅ ያህል (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ማለት ነው) ወርዶ አገኘዋለሁ። የእኅቴ ልጅ መካከል ላይ ትጨነቃለች፤ ወደ ጊታሩ ብትሄድ እኔን፣ ወደ እኔ ብትመጣ ጊታሩን ታጣለች። ቤቴ ውስጥ ሙሉ ምሽት ስጫወትበት ግን እንዲህ አያደርግም። ክሩን በአዲስ ናይለን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከሰኔ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል።

ሌላም አለ። ከትዝታ አንቺ ሆዬ ወደሚባለው ቅኝት ለመሻገር ስቃኝ መምህሩ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥተው ይጨርሳሉ፤ አንዳንዴ ቶናውንም።

ጊታሪስታችን «ቀንበሩን በስተን የጊታር መቃኛ እንግጠምለት፣ ክሩንም ብረት እናድርገው» ይላል። የአጎቴን ቀንበር ማስበሳት ሆዴ እምቢ አለኝ። ግትርነት ከሆነ ንገሩኝ፤ ግን በጨዋ ቋንቋ።

ስድስት ክር፦

እትዬ፣ ልጅዎ ልሆን የምችል ሰው ነኝና ድፍረት እንዳይሆንብኝ። ጊታሪስታችሁ የተናገረው ትክክል ነው። ዛሬ መድረክ ላይ ከባንድ ጋር የሚታዩት ክራሮች አብዛኞቹ የጊታር መቃኛ አላቸው፤ ብዙዎቹም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ጨርቅና እንጨት ከጊታር ጋር እኩል ይሂድ ማለት በቅሎን ከመኪና ጋር ማሽቀዳደም ነው።

ስለ አንቺ ሆዬ ግን ቀንበር ሳይበሳም መላ አለ። ብዙ ሰው ክሮቹን በሙሉ አላልቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ እርስዎም እንደዚያ እያደረጉ ይመስለኛል። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ይያዙት። አንቺ ሆዬ የሚሆነው ሬን ግማሽ ድምፅ ሲያወርዱት፣ ሚን ግማሽ ከፍ አድርገው ፋ ሲያደርጉት፣ ሶልን ደግሞ ግማሽ ሲያወርዱት ነው። ዶና ላ አይነኩም። ስድስተኛው ክር ዶን በላይኛው ድምፅ የሚደግም ከሆነ እሱም አይነካም። ሦስት ክር ብቻ፣ ሁሉም በግማሽ ድምፅ። ትዝታ ማይነር ከፈለጉ ደግሞ ከሜጀሩ ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ማውረድ ነው፤ ሁለት ክር። መምህሩ ቡናውን ሳያጋምሱት ይደርሳሉ።

ቀንበሩ ግን ይበሳ።

የሸምበቆ ልጅ፦

ዋሽንት ነፊ ነኝ። የእኔ ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ ተበሳ፤ ዝቅ በል ከፍ በል ቢሉት አይሰማም። ለዚህ ነው ዋሽንተኛ አንድ ዋሽንት ይዞ የማይሄደው፤ እኔ እንኳን ለመዝናኛ የምነፋው ሰባት በአንድ ከረጢት እይዛለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ፍላጻ የያዝኩ የሚመስላቸው አሉ።

እኅቴ፣ መፍትሔው የዘፈኖቹ ተራ ላይ ነው። የትዝታዎቹን በአንድ ላይ ጨርሱ። ከዚያ ማይነሩን። አንቺ ሆዬን ለመጨረሻ አቆዩት፤ የሰርግ ዘፈን ስለሚበዛበት መጨረሻ ላይ ቢመጣ ሰውም ደስ ይለዋል። አንድ እሑድ ላይ እየተመላለሱ አራቴ የሚቃኙ ከሆነ ክራሩም ይሰለቻል።

ቀንበርና ምሰሶ፦

መሣሪያ እጠግናለሁ፣ መርካቶ ነው የምውለው። እትዬ፣ ስለ ቀንበሩ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ የጋራ መገልገያ ቤት ግማሹ ለእናንተ ከሆነ ግማሹ ለማን ነው? እንጀራ ይጋገርበታል?

የአጎቴ ክራር፦

በስመ አብ! አዎን፣ ይጋገርበታል። በኮምፖርሳቶ ተከፍሎ ከወዲያ ማዶ ማብሰያ ነው። እሑድ ደግሞ የሳምንቱ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው፤ ሁለት ምጣድ፣ አንዳንዴ ሦስት። ክፍልፋዩ ጣሪያ አይነካም። ክረምት ስለሆነ መስኮቱን እንዘጋዋለን፤ ግድግዳው ያልበዋል።

ቀንበርና ምሰሶ፦

እንግዲያው ክራርዎ አልታመመም፤ እንፋሎት ጠጥቶ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይላላል። ሲላላ ክሮቹን ቆዳው ላይ ደግፎ የያዘው ብርኩማ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ብርኩማው በሰመጠ ልክ ክሩ ይረግባል፤ የረገበ ክር ድምፁ ይወርዳል። መቃኛው ከብረት ቢሆንም ከወርቅ ቢሆንም ቆዳውን አይይዘውም። ቤትዎ ውስጥ የማይወርደውም ለዚህ ነው። ከሰኔ ወዲህ የባሰበትም ከክረምቱ ጋር ተደምሮ ነው። ከበሮውንስ አስተውላችሁታል? እሱም ድምፁ ዱብ ዱብ እያለ መሆን አለበት፤ የከበሮ ወርዶ መቅረት ግን ከዘፈኑ ጋር ስለማይጣላ ማንም አልከሰሰውም።

ይህን ይሞክሩ። ክፍሉን ይቀይሩ። ካልተቻለ ክራሩን ሳይጫወቱ ሲቀሩ በቦርሳ ይዝጉት፣ ወደ ምጣዱ ጀርባውን ያዙሩት። እሳት አጠገብ እንዳያደርጉት፤ ቆዳው በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የድሮ ቆዳ ደግሞ ምሕረት የለውም። ጠዋት ፀሐይ ካለ ለብ እስኪል ብቻ ያቆዩት። አዲስ ናይለን ደግሞ እስኪረጋ ድረስ በራሱ እየተለጠጠ ይወርዳልና ክር የቀየሩ ዕለት ከማንም ጋር አይጫወቱ፤ ጥቂት ቀን ቤትዎ ይሳቡት፣ ይቃኙት፣ ይተዉት።

ለብረት ክር ያለኝ መልስ አይሆንም ነው። ብረት ከናይለን ይልቅ በኃይል ይስባል፤ ያ አሮጌ ምሰሶ ለእሱ አልተሠራም። የጊታር መቃኛ የግድ ካማራችሁ ሌላ አዲስ ቀንበር አስቀርጻችሁ መቃኛውን እዚያ ላይ ግጠሙ። ቀንበር ከምሰሶዎቹ ጫፍ ይወልቃል፤ የአጎትዎን አውልቀው በነጠላው ይጠቅልሉት። ያን ጊዜ የተበሳም የተጎዳም ነገር አይኖርም።

ማሲንቆ ዘካዛንቺስ፦

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ ሁላችሁም ክራሩ ወደ ጊታሩ እንዲሄድ ነው የምታለቅሱት። ማነው ስልኩን ዳኛ ያደረገው?

አርባ ዓመት ማሲንቆ መትቻለሁ፣ ለራሴና ለወዳጆቼ። አንድ ክር፣ የፈረስ ጭራ፣ አበቃ። ዘፋኙ በየትኛው ድምፅ ነው የሚመቸው? እሱን አዳምጬ አንዷን መቃኛ አዞራለሁ። ጣቴ ደግሞ ቅኝቱ ትዝታም ይሁን ባቲ ቦታውን ያውቀዋል። የእኛ መሣሪያ ሲቃኝ የኖረው በሰው ጉሮሮ ነው። የእኅትሽ ልጅ መካከል ላይ ትጨነቃለች አልሽ፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት፣ ማንም አልጠየቃትም።

ጊታር ስድስት የብረት መቃኛ አለው፤ በደቂቃ ይወርዳል፣ በደቂቃ ይወጣል። እንዲህ የተመቸው መሣሪያ ለምን ቆሞ ይጠብቃል፣ ጨርቅና እንጨት ያለው ለምን ይሮጣል? ክራሩ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ተመቸኝ ካለ ጊታሩን ግማሽ አውርዱት። በሦስት ታክሲ የመጣ ልጅ ለግማሽ ድምፅ አይሰንፍም።

ስድስት ክር፦

ጋሼ፣ ይህንኑ ልል ነበር ብዬ አልዋሽም። ጊታሪስቶች ለዘፋኝ ሲሉ ግማሽ ድምፅ ማውረድ የተለመደ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ለክራር ብሎ ማውረድ ግን አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን ክራሩ በየሰዓቱ እየወረደ ከሄደ ጊታሩ እስከ የት ይከተለዋል? ቆዳው መጀመሪያ መርጋት አለበት። በዚህ ከመርካቶው ሰው ጋር ነኝ። የበቅሎዋንም ምሳሌ መልሼ ወስጃታለሁ።

የአጎቴ ክራር፦

ትናንት እሑድ ነበረ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ማብሰያውን ትተን ደረጃው ሥር ወዳለው ሰፊ መተላለፊያ ወጣን። ጣሪያ አለው፣ ነፋሱ ግን ያቋርጠዋል። ክራሩን ጠዋት መስኮት ላይ ለብ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። የእኅቴን ልጅ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ አዘፈንናት። ደንግጣ ሁለቴ አቋረጠች፤ ሦስተኛው ላይ ተመችቷት ረዘም አድርጋ ያዘችው። ክራሩን በእሷ ቃኘሁት። ከዚያ ጊታሪስታችንን ወደ እኛ ውረድ አልነው። ፊቱን አጠቆረ፤ የማሲንቆውን ጋሼ ጽሑፍ አሳየሁት፣ «ሦስት ታክሲ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀና ቁልፎቹን ማዞር ጀመረ። እውነትም ደቂቃ አልፈጀበትም።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ክራሩ ወርዷል፤ ግን የለመደ ጆሮ ብቻ ነው የሚለየው፣ ስልኩም ቢሆን ትንሽ ነው ያወዛወዘው። ሦስቷን ክር ብቻ ነክቼ ወደ አንቺ ሆዬ ስገባ መምህሩ ከበሮውን አስቀምጠው ቡና ለማስቀዳት ተነሥተው ነበር። «ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈሽ!» አሉኝ።

መሐል ላይ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም፤ ከበሮው ብቻ ቀረ። የምትጋግረዋ ጎረቤታችን በሩ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬ ምን በድዬ ነው ጥላችሁኝ የወጣችሁት?» አለች። ስለ እንፋሎቱ ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት።

ስለ አዲሱ ቀንበር ገና አልወሰንኩም። አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ፦ መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ክር ከብርኩማው አጠገብ ተበጠሰ። አሁን ስንት ቁጥር ናይለን ብዬ ነው የምገዛው? ባለፈው ሻጩ የሰጠኝን ነው ዝም ብዬ የገዛሁት።

ቀንበርና ምሰሶ፦

እትዬ፣ ቁጥር አይጠይቁ። የተበጠሰውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፣ ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርገው በጣትዎ ያሹት። ብርኩማው አጠገብ ከሆነ የተበጠሰው ደግሞ ጥፋቱ የክሩ ላይሆን ይችላል፤ ክሩ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ በጣትዎ ይዳስሱት፣ ስለት ካለው በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ያለስልሱት።