የገቢ ማስረጃ ከየት እናምጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ጋና በሚገኘው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ለመማር ልታመለክት ነው። ማመልከቻው የሚገባው ለፋውንዴሽኑ ሳይሆን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው እንደሆነ አውቀናል። ግራ የገባን የቤተሰብ ገቢ ማስረጃው ነው። እናታችን እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ደመወዝ የለ፣ ፔይሮል የለ። ያላት የየሱቁን ዱቤ የምትጽፍበት ደብተር ብቻ ነው፤ እሱም ጤፍ በተወደደ ቁጥር ዋጋው ተሰርዞ እላዩ ላይ ሌላ የተጻፈበት። የቀበሌው ደብዳቤ «ዝቅተኛ ኑሮ» ይላል እንጂ ቁጥር የለውም። ድህነቱስ ሞልቷል፣ ወረቀቱ ነው የጠፋው!

በዚህ ያለፋችሁ፣ ምን አቀረባችሁ? ውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የእናቴ ቃለ መሐላ ያስኬዳል? የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስተን ብናያይዝስ? ቀኑ እየደረሰብን ነውና እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልን።